ፋይሎቹ ባሉበት ይቆዩ፣ ጊት ወደ እነሱ ይምጣ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ልጆች ሲቀባበሉት አየሁ። ጉዳዩ ኮምፒውተር ውስጥ እዚህም እዚያም የተበተኑ ፋይሎችን በአንድ የጊት ሪፖ መከታተል ነው፤ ጊት የፋይሎችን ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፣ ሪፖ ደግሞ የታሪኩ ማከማቻ። ጸሐፊው በቅንነት ነው የጻፉት። ብዙ ጀማሪ የሚቸገርበትን ነገር ማንሳታቸውም ደስ ይላል። ግን ከምክሮቻቸው ጥቂቶቹ ሰርቨር ላይ ቢተገበሩ ጉዳት ያመጣሉ። አንዱማ የፓስወርድ ፋይልን ለሁሉም ተጠቃሚ ክፍት ያደርጋል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ጭብጡን ባጭሩ ላስቀምጥ። ጊት በባሕርይው አንድ ፎልደር ብቻ ነው የሚከታተለው ይላሉ። ስለዚህ ፋይሎቹን በሙሉ አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡና በነበሩበት ቦታ ሲምሊንክ (ወደ እውነተኛው ፋይል የሚያመለክት አቋራጭ) ተዉ ይላሉ። ቤር ሪፖ የሚባለው፣ ታሪኩን ከፋይሎቹ ለይቶ የሚያስቀምጠው ዘዴ አደገኛ ስለሆነ አትንኩት፤ የሲስተም ፋይል መከታተል የግድ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በላይ ባለው ፎልደር («/») ላይ «ጊት ኢኒት» (አዲስ ሪፖ ፍጠር) ማለት ይበቃል ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሦስት ነገር ይጨምራሉ፦ የማታ ባክአፕ ካለ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፣ የተለያየ ቦታ ያለ ፋይል የተለያየ ሪፖ ይገባዋል፣ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ጊት ስለሚያበላሸው ስሙን በላቲን ቀይሩት።

የእኔ አቋም ይኸው። አንድ ፕሮግራም የሚያነበው ፋይል ፕሮግራሙ በሚፈልገው ቦታ እውነተኛ ፋይል ሆኖ ይቀመጥ። ቦታውን የመረጠው ፕሮግራሙ ነው፤ የፋይሉን ባለቤትና ፐርሚሽንም እሱ ነው የሚፈትሸው። ታሪኩን የት እንደምናስቀምጥ ግን የምንወስነው እኛ ነን። ጸሐፊው ይህን ገልብጠውታል።

ትእዛዞቹን በአፍ እንደምንጠራቸው ነው የምጽፈው። ተርሚናል ላይ እንደለመዳችሁት ጻፏቸው።

«ጊት አንድ ፎልደር ብቻ ነው የሚያውቀው»

እንዲህ የሚመስለን ስለለመድነው ነው። «ጊት ኢኒት» ስንል «ነጥብ ጊት» የምትባል ስውር ፎልደር ትፈጠራለች። ታሪኩ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው። ፋይሎቻችን ከጎኗ ስለሚቀመጡ ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉናል። ግን አንዱ የታሪክ ማከማቻ ነው፣ ሌላው የሥራ ቦታ። ጊት ሁለቱን ለየብቻ እንድንነግረው ይፈቅዳል። «ጊት ዲር» የሚለው አማራጭ ታሪኩ የት እንዳለ ያሳየዋል። «ወርክ ትሪ» የሚለው ደግሞ ፋይሎቹ የት እንዳሉ። ታሪኩ አንድ ዲስክ ላይ፣ ፋይሎቹ ሌላ ዲስክ ላይ ቢሆኑም ችግር የለም።

ሌላም ነገር አለ። ጊት ፎልደር አይከታተልም። ባዶ ፎልደር ኮሚት ማድረግ (ታሪኩ ውስጥ መመዝገብ) የማይቻለው ለዚህ ነው። የሚመዘግበው ፋይልን ከነመንገዱ ነው። የሥራ ቦታውን «/» ብላችሁ አራት ፋይል ብቻ አድ ብታደርጉ ሪፖው ውስጥ የሚኖረው አራት ፋይል ነው። ዲስኩ ላይ ያለው የቀረው ሁሉ አይገባም።

ጸሐፊው እውነት ያላቸው አንድ ቦታ ነው። በአንድ የሥራ ቦታ የሚከታተሉት ፋይሎች በሙሉ ከአንድ የጋራ ሥር በታች መሆን አለባቸው። ሊኑክስና ማክ ላይ ሁሉም መንገድ ከ«/» ስለሚጀምር ይህ አያስቸግርም። ዊንዶውስ ላይ ግን ሲ ድራይቭና ዲ ድራይቭ የየራሳቸው ሥር አላቸው። እዚያ ፋይሎቹን ወደ ሪፖው ኮፒ የሚያደርግ ስክሪፕት መጻፍ ይሻላል።

ለመሆኑ ለምን አንድ ሪፖ አስፈለገ? ጽሑፉ ይህን ጥያቄ አላነሳውም፤ እኔ ግን የነገሩ እምብርት ይመስለኛል። አንድ ቢሮ ውስጥ ያለ ትንሽ ዌብ አፕሊኬሽን እንውሰድ። በ8000 ፖርት ይሠራ ነበር፤ አሁን ወደ 8080 መዞር አለበት። ይህች አንዲት ለውጥ ሦስት ቦታ ትነካለች። አፑን የሚያስነሳው የሲስተምዲ ሰርቪስ ፋይል የሲስተም ኮንፊጎች በሚቀመጡበት ኢቲሲ ውስጥ፣ ሲስተምዲ ሥር ነው። የዌብ ሰርቨሩ የእንጂንኤክስ ኮንፊግም ኢቲሲ ውስጥ ነው፣ ግን በሌላ ፎልደር። አፑ መነሳቱን በየደቂቃው የሚያጣራው ስክሪፕት ደግሞ ዩኤስአር ሎካል ቢን ውስጥ ነው። ሦስቱ አብረው ካልተቀየሩ አፑ ይቆማል፤ ወይም ሳይቆም «ቆሟል» የሚል ማስጠንቀቂያ ሌሊቱን ሙሉ ይልካል።

በአንድ ሪፖ ከሆነ ይህ አንድ ኮሚት ነው። መልእክቱም «ፖርት ከ8000 ወደ 8080፤ 8000ን አዲሱ የሪፖርት ሲስተም ስለያዘው» ይላል። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ የተቀጠረ ሰው «ይህ 8080 ከየት መጣ?» ሲል በ«ጊት ብሌም» መስመሩ በየትኛው ኮሚት እንደተጻፈ አይቶ ኮሚቱን ይከፍታል። ሦስቱንም ፋይል ከነምክንያቱ አንድ ላይ ያገኛል። መመለስ ቢያስፈልግም በአንድ «ጊት ሪቨርት» ሦስቱም ይመለሳሉ። ዋልተር ቲቺ በ1982 ያስተዋወቀው አርሲኤስ የሚባል የቀድሞ መከታተያ እያንዳንዱን ፋይል ለብቻው ነበር የሚከታተለው። ታሪኩ በየፋይሉ ስለነበር ሦስት ፋይል አብሮ የነካ ለውጥን እንደ አንድ ነገር ማየት አይቻልም ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመረው ጊት ግን እያንዳንዱ ኮሚት የሁሉንም ፋይል ገጽታ አንድ ላይ ይይዛል። ይህን ጥቅም አግኝተን ሳለ ፋይሎቹ ተራርቀው ስለተቀመጡ ብቻ ለምን እንተወዋለን?

«ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስቡ፣ በቦታው ሲምሊንክ ተዉ»

ጽሑፉ በዚህ ምክር ላይ ነው የቆመው፤ እኔም ብዙ የምቆየው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ተገቢውን ምስጋና ልስጥ። ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ ላሉ የግል ኮንፊጎች ሲምሊንክ ጥሩ ይሠራል። ጂኤንዩ ስቶው የሚባለው ፕሮግራም ሊንኮቹን በሥርዓት ይዘረጋል፣ በሥርዓትም ያነሳል። ባሽና ቪም ኮንፊጋቸውን አንብበው ዝም ይላሉ፤ ሊንክ ይሁን ፋይል ግድ አይሰጣቸውም። ለዚያ ሥራ ስቶውን የሚጠቀም ሰው አይሳሳትም።

ችግሩ ፋይሉን ሌላ ነገር ሲጽፍበት ይጀምራል። አብዛኛው ፕሮግራም ሴቭ ሲያደርግ በቀጥታ ፋይሉ ላይ አይጽፍም። ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፣ እዚያ ይጽፋል፣ ከዚያ ስሙን ቀይሮ በዋናው ቦታ ያስቀምጠዋል። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ፋይሉ ግማሽ ሆኖ እንዳይቀር ነው፤ ብልህ አሠራር ነው። ግን በዚያ ቦታ የነበረው ሲምሊንክ ከሆነ ሊንኩ ይጠፋል። በምትኩ ተራ ፋይል ይቀመጣል።

ሁላችንም የምንጠቀምበትን «ሴድ» የሚባል ጽሑፍ የሚተካ ትእዛዝ እንመልከት። ሪፖው ሆም ውስጥ ነው። ኢቲሲ ውስጥ ያለው የአፑ ኮንፊግ ወደዚያ የሚያመለክት ሲምሊንክ ነው። የሥራ ባልደረባችሁ መጥቶ በ«ሴድ ዳሽ አይ» 8000ን በ8080 ይተካል። አፑን ሪስታርት ያደርጋል፤ በደንብ ይሠራል። እናንተ ሪፖው ውስጥ ገብታችሁ «ጊት ስታተስ» ትላላችሁ። ምንም አልተቀየረም ይላችኋል። ሐቁም ነው፤ ሪፖው ውስጥ ያለው ፋይል አልተነካም። «ሴድ» ሊንኩን አንስቶ በቦታው አዲስ ፋይል አስቀምጧል። ከወር በኋላ ሪፖው ውስጥ ያለውን ታስተካክላላችሁ፣ ኮሚት ታደርጋላችሁ፣ አፑን ታስነሳላችሁ። ለውጡ የለም። ፋይሉን ደጋግማችሁ ታነባላችሁ፣ ልክ ነው። አፑ ግን ሌላ ፋይል እያነበበ ነው። ሁለት እውነት ተፈጥሯል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ታሪክ አለው። የጂኤንዩ ሴድ «ፎሎው ሲምሊንክስ» የሚል አማራጭ ያለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ግን ሳይጽፉት አይሠራም። ስንት ሰው ያስታውሰዋል?

ሁለተኛው ችግር የደኅንነት ነው። ሩት (በማሽኑ ላይ ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) የሚያስነሳው ስክሪፕት አለ እንበል፣ ማታ ማታ በክሮን፣ ማለትም ሥራን በሰዓቱ በሚያስነሳው ፕሮግራም የሚሠራ። በጸሐፊው ምክር መሠረት እውነተኛው ፋይል የአንድ ተጠቃሚ ሆም ውስጥ ካለ ሪፖ ውስጥ ነው። እንግዲህ የዚያን ተጠቃሚ አካውንት የያዘ ማንኛውም ሰው ስክሪፕቱን መለወጥ ይችላል። የለወጠውን ደግሞ ሩት ራሱ ያስነሳለታል። ያለ ሱዶ፣ ያለ ፓስወርድ ማሽኑን ያዘ ማለት ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ክሮን «ክሮን ነጥብ ዲ» ውስጥ ያሉ ፋይሎች ባለቤታቸው ሩት ካልሆነ፣ ወይም ሌላ ሰው ሊጽፍባቸው የሚችል ከሆነ አልሠራም የሚለው ይህን አደጋ ስለሚያውቅ ነው። ይህ ፍተሻ ግን የክሮን ፋይሉን ብቻ ነው የሚያየው። ፋይሉ የሚጠራው ስክሪፕት የማን እንደሆነ የሚያይለት የለም።

ሦስተኛው ማሽኑ ሲነሳ ነው የሚታየው። ሆም በሌላ ፓርቲሽን ላይ ከሆነ ሲስተምዲ ሥራ ሲጀምር ገና ላይገናኝ ይችላል። ያኔ ሊንኩ ወደ ባዶ ያመለክታል፤ ሰርቪሱም አይገኝም። የሲስተምዲ መመሪያ ራሱ ሊንክ የተደረገ የሰርቪስ ፋይል ከመጀመሪያው በሚገኝ ፋይል ሲስተም ላይ መሆን እንዳለበት ይናገራል። ሆምን በስም ጠርቶ ነው የሚያስጠነቅቀው። በእጅ ስትሞክሩት ይሠራል፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ይቀራል። ከዚህ የከፋ ብልሽት የለም፣ ምክንያቱም ሞክረነዋል ብላችሁ ታምናላችሁ።

አንዳንድ አንባቢ ደግሞ ምክሩን ገልብጦ ተረድቶታል። ፋይሉን በቦታው ትቶ ሪፖው ውስጥ ሲምሊንክ ያስቀምጣል። ይህ ፈጽሞ አይሠራም። ጊት ሲምሊንክን ተከትሎ አይሄድም። የሚያስቀምጠው ሊንኩ የሚያመለክትበትን መንገድ ነው፣ አንዲት መስመር ጽሑፍ። ፑሽ አድርጋችሁ (ሪፖውን ወደ ሌላ ቦታ ልካችሁ) ሌላ ማሽን ላይ ስታወርዱት የምታገኙት ያቺን መስመር ብቻ ነው። በ«ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ» ላይ «ስቴጅ» የሚለውን አማራጭ ብትጨምሩ በ120000 የሚጀምሩ መስመሮች ታያላችሁ። እነዚያ ሊንኮች ናቸው፤ ይዘታቸው ሪፖው ውስጥ የለም። አሁኑኑ ብታዩት ይሻላል።

ሃርድ ሊንክ፣ ማለትም ለአንድ ፋይል ሁለተኛ ስም መስጠትስ? እሱም አያዋጣም። ጊት የቆየ ቅጂ ሲመልስ የነበረውን አጥፍቶ አዲስ ፋይል ስለሚጽፍ ሃርድ ሊንኩ ይበጠሳል።

«ቤር ሪፖ አደገኛ ነው፤ አትንኩት»

ዘዴው ይህ ነው። ሆም ውስጥ በስውር ፎልደር «ጊት ኢኒት ቤር» ትላላችሁ። ከዚያ ጊትን በዚያ ታሪክና በሆም የሥራ ቦታነት የሚጠራ ኤልያስ (አጭር የትእዛዝ ስም) ትሠራላችሁ፣ «ኮንፍ» እንበለው። ከዚያ በኋላ «ኮንፍ አድ»፣ «ኮንፍ ኮሚት» ማለት ነው። ሊንክ የለም፣ ኮፒ የለም። ያድም የሚባለው መሣሪያም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው።

ጸሐፊው አደጋ አለ ማለታቸው ልክ ነው። አደጋው የት እንዳለ ግን አላሳዩም። ጽሑፋቸው ሪፖው የማያውቃቸውን ፋይሎች የሚያሳየውን «ሾው አንትራክድ ፋይልስ» የሚል ማስተካከያ ወደ «ኖ» መቀየር ችግሩን ይሸፍናል ብሎ ይወቅሳል፤ መፍትሔ ግን አልሰጠም።

አደጋው ሁለት ነው። ያ ማስተካከያ ስታተስ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው የሚቀንሰው። «ኮንፍ አድ ነጥብ» ብትሉ ሆም ውስጥ ያለው ሁሉ ይገባል፤ በርቀት ሰርቨር የምትገቡበት የኤስኤስኤች ፕራይቬት ኪያችሁ፣ የብራውዘር ኩኪያችሁ፣ ሁሉም። ከዚህ የሚብሰው «ክሊን» ነው። «ኮንፍ ክሊን» ከኤፍና ከዲ ጋር ከተጠራ ሪፖው የማያውቀውን ፋይል ሁሉ ያጠፋል። ሆም ውስጥ ሪፖው የማያውቀው ምንድን ነው? ፎቶው፣ ሰነዱ፣ ሥራው ሁሉ።

መፍትሔው አንዲት ኮከብ ናት። ቤር ሪፖው ውስጥ «ኢንፎ» የሚል ፎልደር አለ፣ በውስጡ «ኤክስክሉድ» የሚል ፋይል። እዚያ ውስጥ * ብቻ ጻፉ። ትርጉሙ «ሁሉንም እለፍ» ነው። ከዚያ በኋላ «አድ ነጥብ» አንድም አዲስ ፋይል አያስገባም። አዲስ ፋይል ለማስገባት ስሙን ጠርታችሁ በ«ዳሽ ኤፍ» ማስገደድ አለባችሁ። ይህ ነው የሚፈለገው፤ እያንዳንዱ ፋይል በፈቃዳችሁ ይግባ። «ክሊን»ም የታለፉ ፋይሎችን ስለማይነካ ሆማችሁ ይተርፋል። የገቡት ፋይሎች ሲቀየሩ ግን እንደ ወትሮው ስታተስ ላይ ይታያሉ። የሚቀረው አንድ አደጋ «ክሊን»ን ከኤክስ ጋር መጥራት ነው። ትንሹም ትልቁም ኤክስ የታለፉትን ያጠፋል። «ኮንፍ» ላይ «ክሊን» የሚባል ነገር አትጥሩ፤ የምትጠሩበት ምክንያት የለም።

ኤልያሱ የራሱ ስም ያለው መሆኑም ይጠብቃችኋል። ሆም ውስጥ ሆናችሁ በልማድ «ጊት» ብትሉ ሪፖ የለም ይላችኋል። አደጋ ያለው በ«ኮንፍ» ብቻ ነው።

ኪ ወይም ፓስወርድ አንዴ ፑሽ ከተደረገ ግን ኮሚቱን ማጥፋት አይበቃም። ወጥቷል ብላችሁ ቁጠሩት። ኪውን ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ፤ ታሪኩን ማጽዳት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

«ለሲስተም ፋይል «/» ላይ ጊት ኢኒት ማለት ይበቃል»

ከሁሉም ምክሮቻቸው እባካችሁ ይህንን አትከተሉ።

አንደኛ፣ ጊት በቆማችሁበት ፎልደር ሪፖ ካጣ ወደ ላይ እየወጣ ይፈልጋል። «/» ላይ «ነጥብ ጊት» ካለ ማሽኑ ላይ ያለው እያንዳንዱ ፎልደር የእሱ አካል ይሆናል። በኤፕሪል 2022 የወጣው ጊት 2.35.2 የደፈነው ቀዳዳ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ሰው በሚጋራው ማሽን ላይ አንዱ ተጠቃሚ ከላይ ባለ የጋራ ፎልደር «ነጥብ ጊት» ካስቀመጠ፣ ሌላው ሰው ሳያውቅ በራሱ አካውንት የዚያን ሰው ትእዛዝ ሊያስነሳ ይችል ነበር። የጊት ኮንፊግ ፕሮግራም ማስነሳት ስለሚችል ነው። ከዚያ ወዲህ ጊት የሌላ ሰው ሪፖ ሲያጋጥመው ባለቤትነቱ ያጠራጥራል ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ሩት «/» ላይ ሪፖ ቢፈጥር ሌላው ተጠቃሚ የራሱ ሪፖ በሌለበት ፎልደር ሁሉ ይህ ስሕተት ያጋጥመዋል። የሥራ ቦታው «/» ይሁን ከተባለ ታሪኩ ሩት ብቻ በሚደርስበት ፎልደር ይቀመጥ፤ በኤልያስ ይጠራ፤ ኮከቧም አትረሳ።

ሁለተኛው ጉዳይ ፐርሚሽን ነው። ጊት ባለቤትን አይመዘግብም። ከፐርሚሽንም የሚመዘግበው ፋይሉ መነሳት የሚችል መሆን አለመሆኑን ብቻ ነው፤ 644 ወይም 755። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ የፓስወርድ ሃሽ የሚቀመጥበት «ሻዶ» ፋይል 640 ነው፤ ተራ ተጠቃሚ አያነበውም። ይህን ፋይል በጊት ይዛችሁ አንድ ቀን የቆየ ቅጂ በ«ጊት ቼክአውት» ብትመልሱ፣ በተለመደው ዩማስክ 022 (የአዲስ ፋይል ፐርሚሽን መወሰኛ)፣ ፋይሉ 644 ሆኖ ይመጣል። ማንም ያነበዋል፤ ወስዶም በራሱ ማሽን ፓስወርዱን ሊሰብር ይሞክራል። የኤስኤስኤች ሆስት ኪዎችም እንዲሁ። ፐርሚሽናቸው ከተከፈተ ኤስኤስኤች ሰርቨሩ አልቀበላቸውም ይላል። ሌላ ኪ ካላገኘም አይነሳም። በርቀት የምታስተዳድሩት ሰርቨር ከሆነ በሩ ተዘጋባችሁ ማለት ነው።

ለኢቲሲ ብቻ ከሆነ የተዘጋጀ መሣሪያ አለ፣ ኢቲሲኪፐር ይባላል። ጆይ ሄስ ነው የጻፈው። የእያንዳንዱን ፋይል ባለቤትና ፐርሚሽን በራሱ ፋይል መዝግቦ ከታሪኩ ጋር ያስቀምጣል። ፓኬጅ ከሚጭነው ኤፒቲ ጋር ተያይዞ ፓኬጅ ከመጫኑ በፊትና በኋላ ኮሚት ያደርጋል። አፕግሬድ የትኛውን ኮንፊግ እንደነካ በግልጽ ታያላችሁ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ያ ሪፖ ሻዶን ጨምሮ ሁሉንም ስለሚይዝ ወደ ሌላ ቦታ ፑሽ አይደረግም።

ከኢቲሲ ውጭ የተበተነ ፋይል ሲኖር እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ሪፖው ሩት ብቻ በሚጽፍበት ፎልደር ይቀመጣል። በውስጡ የፋይሎቹ ቅጂ እንደ እውነተኛ አቀማመጣቸው ይደረደራል። ከጎኑ አጭር ስክሪፕት አለ፤ «ኢንስቶል» በሚባለው የሊኑክስ ትእዛዝ እያንዳንዱን ፋይል ወደ ቦታው ያደርሳል። «ኢንስቶል» ኮፒ ሲያደርግ ባለቤቱን፣ ግሩፑንና ፐርሚሽኑን አብሮ ያስተካክላል። ጊት የማይመዘግበውን ስክሪፕቱ መዘገበው፤ ስክሪፕቱ ራሱም ሪፖው ውስጥ ነው። ከማድረሱ በፊት በ«ዲፍ» ያነጻጽር። ባልደረባችሁ በቦታው የቀየረው ነገር ካለ እንዳይደመሰስ ይቁም። ከላይ ያነሳሁት የ«ሴድ» ችግር እዚህ ወዲያው ይታያል። ማሽኖቹ ከበዙ አንሲብል ይህንኑ ሥራ በስፋት ይሠራል።

«ባክአፕ ካለ ይበቃል»

ባክአፕ ትናንት ፋይሉ ምን እንደነበር ይነግራል። ማን፣ ለምን እንደቀየረው አይነግርም፤ የትኞቹ ፋይሎች አብረው እንደተቀየሩም አይነግርም። በሌላ በኩል ጊት ለዳታቤዝና ለትልልቅ ፋይል አይደለም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ጽሑፉ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። እዚያው ማሽን ላይ ብቻ ያለ ሪፖ ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ብዙዎቻችን ደግሞ ኔት በሚቆራረጥበት ነው የምንሠራው፤ ፑሽ እስኪሳካ መጠበቅ የማይቻልበት ቀን አለ። ለዚህ «ጊት በንድል» አለ። ሪፖውን ከነታሪኩ በአንድ ፋይል ይጠቀልለዋል። በፍላሽ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ፤ ሌላ ማሽን ላይ ልክ እንደ ማንኛውም ሪፖ «ክሎን» ይደረጋል። የኮንፊግ ሪፖ በንድል ትንሽ ስለሆነ የትኛውም ፍላሽ ይይዘዋል። ምስጢር ያለበት ከሆነ ግን ኢንክሪፕት ሳታደርጉ አትውሰዱት፤ ፍላሽ ይጠፋል።

«ለየቦታው የየራሱ ሪፖ»

አንዳንዴ ልክ ናቸው። የሚያዩት ሰዎች የተለያዩ ከሆኑ፣ ወይም አንዱ ምስጢር ሌላው ግልጽ ከሆነ ይለያይ። ሆም ውስጥ ለየፕሮግራሙ የየራሱን ሪፖ መያዝ ለሚፈልግ ቪሲኤስኤች አለ። መለያው ግን ፎልደሩ መሆን የለበትም። አብረው የሚቀየሩ ፋይሎች አብረው ይቀመጡ፤ የፖርቱን ምሳሌ አስታውሱ።

«ጊት የአማርኛ ስም ያበላሻል»

አያበላሽም። ይህ አባባል በጣም ተስፋፍቷል፤ ሰዎችም የሰነዶቻቸውን ስም በላቲን እየቀየሩ ነው። «ሰላም» የሚል ፋይል አድ አድርጋችሁ ስታተስ ስትሉ \341\210\260\341\210\213\341\210\235 ይላችኋል። ያስደነግጣል፤ ግን ሪፖው ውስጥ ያለው ስም «ሰላም» ነው። ጊት ከተለመዱት የላቲን ፊደላት ውጭ ያለውን ሁሉ ሲያሳይ ባይቶቹን በቁጥር ስለሚጽፍ ነው። እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ነው፤ ሦስት ሆሄ ዘጠኝ ቁጥር ሆነ። «ጊት ኮንፊግ ግሎባል» ብላችሁ «ኮር ነጥብ ኮትፓዝ» የሚለውን «ፎልስ» ብታደርጉት ስሙ በግዕዝ ፊደል ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ማንም የፋይል ስም መቀየር አያስፈልገውም።

እንዲያውም የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ምልክት ያላቸው የላቲን ፊደላት በዩኒኮድ በሁለት መንገድ ሊጻፉ ስለሚችሉ በማክና በሊኑክስ መካከል ሲመላለሱ ስማቸው ሊምታታ ይችላል። የግዕዝ ሆሄ ግን እያንዳንዱ አንድ ኮድ ብቻ ነው ያለው። ያ ችግር አይነካንም።

የሚነካን ሌላ ነው። ሰ እና ሠ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ አ እና ዐ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ናቸው። አንዱ የቡድናችሁ አባል «የሠራተኞች ዝርዝር» ብሎ፣ ሌላው «የሰራተኞች ዝርዝር» ብሎ ሴቭ ካደረገ ጊት ሁለት ፋይል ነው የሚያየው። ሁለቱም የየራሳቸው ታሪክ ይኖራቸዋል፤ ኮንፍሊክትም አይነሳም። አዲስ ፋይል ከመፍጠራችሁ በፊት «ጊት ኤልኤስ-ፋይልስ» ብላችሁ ያሉትን ስሞች እዩ። ሁለት አጻጻፍ ካገኛችሁ ደግሞ ሁለቱን ፋይሎች በ«ዲፍ» አነጻጽሩና ይዘታቸውን ወደ አንዱ አዋሕዱ፤ ሌላውን በ«ጊት አርኤም» አንሱት።